የ1877ቱ የዴልሂ አዋጅ በጋዜጣ ሥዕል፦ ከመግዛትም ከመስቀልም በፊት የሚታየው

ታኅሣሥ 24 ቀን 1869 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጥር 1 ቀን 1877፣ ከዴልሂ ከተማ በስተሰሜን ባለ ሜዳ ላይ የእንግሊዟ ቪክቶሪያ የሕንድ ንግሥተ ነገሥታት ተብላ ታወጀች። እሷ በቦታው አልነበረችም፤ ሕንድንም በሕይወቷ አልረገጠችም። ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው እንደራሴዋ ሎርድ ሊተን ነበር። የዚያ ቀን ሥዕል ለንደን ውስጥ በሳምንታዊ ጋዜጦች ታትሞ ወጣ። ዛሬ በአሮጌ መጻሕፍት መደብርም ሆነ በኢንተርኔት ጨረታ ላይ የሚገኘው ያው ነው፤ ከጋዜጣው ጥራዝ ተነጥሎ የሚሸጥ አንድ ቅጠል። (“ዓ.ም.” ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሻጩም ገዢውም “በዐይን ምስክር የተሳለ” ይሉታል። ቅጠሉ ራሱ ግን ሌላ ይናገራል። በቦታው የነበረው ሰው የሠራው ንድፉን ብቻ ነው። የምታዩትን መስመር የቀረጹት ዴልሂን አይተው የማያውቁ፣ ለንደን ውስጥ በጋዝ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ሲሠሩ ያደሩ ባለሙያዎች ናቸው። ለዚህ ማስረጃው ወረቀቱ ላይ አለ፤ ማጉሊያ መነጽር ብቻ ይበቃል።

አሠራሩን ሳያውቁ ማጉሊያ ማንሳት ስለማይጠቅም ከዚያ እንጀምር። የጋዜጣው ሠዓሊ በእርሳስ ፈጠን አድርጎ ይነድፋል፤ “እዚህ ቀይ ጃንጥላ፣ እዚህ 20 ዝሆን፣ ይህ ሰው ጢሙ ነጭ” እያለ ዳር ላይ ማስታወሻ ይጽፋል። ንድፉ በባቡር ወደብ ይደርሳል፣ በመርከብ በሱዌዝ ካናል በኩል ያልፍና ለንደን ሲገባ ሦስት፣ አራት ሳምንት አልፎታል። ወሬው ግን በቴሌግራፍ ወዲያው ደርሷል። ስለዚህ ከአዋጁ ቀጥሎ በወጡት ቁጥሮች ላይ ዜናውን እንጂ ትክክለኛውን ሥዕል አትጠብቁ። በጥር መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀን የታተመ ቅጠል ሥነ ሥርዓቱን ካሳየ፣ ወይ ቀደም ብሎ የተላከ የዝግጅት ንድፍ ነው፣ ወይ ለንደን ውስጥ በግምት የተሠራ ነው። ጥር 1 ቀን 1877 ሰኞ ነበር። ሁለቱም ትልልቅ ጋዜጦች፣ በ1842 የተቋቋመው ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስም ሆነ በ1869 መጨረሻ የተጀመረው ዘ ግራፊክ፣ የሚወጡት ቅዳሜ ነው። ስለዚህ በራስጌው ላይ ያለው ቀን ቅዳሜ ላይ መዋል አለበት፤ ጥር 6፣ 13፣ 20፣ 27 እያለ ይቀጥላል። ሻጭ “ጥር 1 ቀን 1877 የታተመ” ካለ የበዓሉን ቀን ከኅትመቱ ቀን ጋር አደባልቆታል ማለት ነው። በዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ለማመሳከር የመጀመሪያውን ጋዜጣ 70ኛ ጥራዝ፣ የሁለተኛውን 15ኛ ጥራዝ ፈልጉ፤ ሁለቱም የ1877 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ናቸው።

ንድፉ ለንደን ሲደርስ ሌላ ሠዓሊ ገልብጦ በእንጨት ላይ ይስለዋል፤ ግራው ቀኝ ይሆናል፣ ሲታተም ይስተካከላል። እንጨቱ ቦክስዉድ የሚባል እጅግ ጠጣር ዛፍ ነው። የሚቀረጸው በግንዱ ርዝመት ሳይሆን ግንዱ ተቆርጦ በሚታየው ክብ ገጽ ላይ ነው፤ በዚያ በኩል ጭረቱ ስለማይሰነጠቅ ጸጉር የሚያህል መስመር ይይዛል። ችግሩ ዛፉ ቀጭን መሆኑ ነው። ግንዱ ከጥቂት ኢንች የማይበልጥ ካሬ ስለሚሰጥ ትልቅ ሥዕል ለመሥራት ትንንሽ ብሎኮች ጎን ለጎን ተደርድረው ከኋላ በብሎንና በዳዶ ይታሰራሉ። ከ1860 ገደማ ጀምሮ ይህ ዘዴ የጋዜጣውን ፍጥነት ለወጠው፤ ሥዕሉ ከተሳለ በኋላ ብሎኖቹ ይፈቱና እያንዳንዱ ቁራጭ ለተለያየ ቀራጭ ይሰጣል። አንዱ ሰማይ፣ አንዱ ፈረስ፣ አንዱ የሕዝብ ጭንቅላት ሲቀርጽ ያድራል። ድርብ ገጽ የሚሸፍን ሥዕል ከ30 በላይ ቁራጮች ሊኖሩት ይችላል። ቁራጮቹ ከመለያየታቸው በፊት ዋናው ቀራጭ በየመጋጠሚያው ላይ የሚያልፉትን መስመሮች ጥቂት ሚሊሜትር ያህል ይቀርጻል፣ የየሰዉ እጅ እንዲገናኝ። ጠዋት ቁራጮቹ እንደገና ይታሰራሉ፣ ዋናው ቀራጭ ይዳስሰዋል፣ ከዚያ በሰም ላይ ቅጂው ይወሰድና በኤሌክትሪክ መዳብ ይለበጣል። ማተሚያው ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ይህ ኤሌክትሮታይፕ የሚባለው የመዳብ ቅጂ ነው እንጂ እንጨቱ አይደለም።

የእንጨቱ ቁመት ከኅትመት ፊደል ቁመት ጋር እኩል ነው፣ 23 ሚሊሜትር ገደማ። በዚህ ምክንያት ሥዕልና ጽሑፍ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ማተሚያ ይወጣሉ። ብረት ላይ የተቀረጸ ሥዕል ግን ቀለሙ ጭረቱ ውስጥ ስለሚቀመጥ የራሱ ማተሚያ ይፈልጋል፣ የብረቱም ጠርዝ ወረቀቱ ላይ ጎድጉዶ ይቀራል። እንግዲህ ሻጩ “ጥንታዊ የብረት ቅርጽ” ብሎ የለጠፈበት ቅጠል ጀርባው ላይ የጋዜጣ ዓምድ ካለና በሥዕሉ ዙሪያ የብረት ጠርዝ አሻራ ከሌለ፣ የእንጨት ነው። ይህ ስሕተት በጣም የተለመደ ነው። ተንኮል ያለበት ጥቂቱ ነው፤ ብዙዎቹ ሻጮች “ብረት” ዋጋ ያስጨምራል ብለው ሲቀባበሉት የኖሩት ነው።

አሁን ማጉሊያውን አንሱ። 10 ጊዜ የሚያጎላ ይበቃል። ከሰማዩ ጀምሩ፤ ሰማዩ ላይ ምንም የሚደብቅ ነገር የለም። መስመሮቹ በማስመሪያ መሣሪያ የተሰመሩ፣ እኩል የተራራቁ ትይዩ መስመሮች ናቸው። እነሱን ተከትላችሁ ስትሄዱ ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ ከጸጉር የቀጠነ ነጭ ስንጥቅ ታገኛላችሁ። እሱ መጋጠሚያው ነው። ከእሱ በግራ ያለው መስመር ከቀኙ በግማሽ ሚሊሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይታያል፣ አንዳንዴም በግራ በኩል ሰማዩ ጠቆር፣ በቀኝ ሳሳ ይላል። የሁለት ሰው እጅ ነው። አንዱን መጋጠሚያ ካገኛችሁ ሌሎቹን ለማግኘት በማስመሪያ ለኩ፤ ብዙውን ጊዜ መረብ ሠርተው ይገኛሉ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ውረዱ። ከፊት ያሉት መሳፍንት ፊታቸው አንድ በአንድ የተሠራ ነው፣ ብዙዎቹም ከፎቶግራፍ ተገልብጠዋል። ወደ ኋላ ስትሄዱ ግን ሰዉ ነጥብና ጭረት ይሆናል። አንዱ ቁራጭ ውስጥ ጥምጥሙ በክብ ጭረት ሲሠራ፣ ከመጋጠሚያው ማዶ ያለው ቁራጭ ውስጥ በአግድም ጭረት ተሠርቶ ታያላችሁ። ቅጠሉን በጎን ብርሃን ስታዩት ደግሞ ከጀርባ በኩል መስመሮቹ በትንሹ ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ፣ ማተሚያው ወረቀቱን የተጫነበት ነው።

ዘመናዊ ቅጂ ከሆነ ይህ ሁሉ የለም። ማጉሊያው ሥር መስመር ሳይሆን ነጠብጣብ ካያችሁ፣ በመደዳ የተደረደረ ከሆነ የማተሚያ ቤት ቅጂ ነው፣ የተበተነ ባለ ቀለም ርጭት ከሆነ የኢንክጄት ነው። አንዳንዱ አታላይ ቅጂውን እውነተኛ አሮጌ ወረቀት ላይ ያትማል፤ ወረቀቱ ያረጃል፣ ነጠብጣቡ ግን አያረጅም።

ሥዕሉ ውስጥ ያለውን ነገር ለመፈተሽ የበዓሉን ቦታ ማወቅ ይረዳል። ሎርድ ሊተን የተቀመጠበት መድረክ ባለ ስድስት ጎን ነበር። ከፊቱ ገዢ መሳፍንቱ የተቀመጡበት ግማሽ ክብ ሰቀላ ነበረ፤ 63 ገዢ መሳፍንት ተገኝተዋል። አዋጅ ነጋሪው ሜጀር ባርንስ ቁመቱ ታይቶ የተመረጠ መኮንን ነበር፣ በእንግሊዝኛ አነበበ፤ ከዚያ በኡርዱ ተነበበ። ቀጥሎ 101 ጊዜ መድፍ ተተኮሰ፣ በየመካከሉ ጠመንጃ ይንጣጣል። ዝሆኖቹና ፈረሶቹ በርግገው ሰው ሞተ፣ ቆሰለ። ይህን በሥዕሉ ላይ አትፈልጉት፤ የጋዜጣው ሥዕል ላይ ዝሆን ሁልጊዜ ጨዋ ነው። ለየመሳፍንቱ የተሰጡት የሐር ባንዲራዎች አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ካሬ ነበሩ፣ ምልክታቸውም በአውሮፓ ባላባቶች የጋሻ ዓርማ ልክ የተሠራ ነው። የተሰቀሉበት የናስ ዘንግ ከመጠን በላይ ከባድ ስለነበር በሰው እጅ ተይዞ ለሰልፍ የሚሆን አልነበረም። ሥዕሉ ላይ ባንዲራዎቹ እንደ ላባ ቀለው ሲውለበለቡ ካያችሁ ቀራጮቹ የሰሙት ወሬ እንጂ ያዩት ነገር እንዳልሆነ ልብ በሉ።

ከበዓሉ ጋር የሚገናኙ ሌሎች ቅጠሎችም በብዛት አሉ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1876 እንደራሴው በዝሆን ሆኖ ወደ ዴልሂ ሲገባ፣ በድንኳኑ ውስጥ መሳፍንቱን አንድ በአንድ ሲቀበል (ከዙፋኑ በስተጀርባ የቪክቶሪያ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር)። ሻጭ “ንግሥት ቪክቶሪያ በዴልሂ” ብሎ ሲጽፍ ያየው ያንን የተሰቀለ ሥዕል ይሆናል፣ ካልሆነም ጨርሶ አላየም።

ሦስቱን የዴልሂ በዓላት ማምታታትም የተለመደ ነው። ሁለተኛው ጥር 1 ቀን 1903 ለኤድዋርድ ሰባተኛ የተደረገው ነው፤ እንደራሴው ሎርድ ከርዘን ነበር፣ ንጉሡ አልመጣም። ሦስተኛው ታኅሣሥ 12 ቀን 1911 ሲሆን ጆርጅ አምስተኛና ንግሥት ሜሪ ራሳቸው ተገኙ፤ ዋና ከተማው ከካልካታ ወደ ዴልሂ እንዲዛወርም ያን ቀን ታወጀ። መለየቱ ቀላል ነው። በ1903 ጋዜጦቹ በአብዛኛው ወደ ፎቶግራፍና ወደ ነጠብጣብ ኅትመት ተሻግረው ነበር። እንጨት ላይ በመስመር ብቻ የተቀረጸ ትልቅ ሥዕል ካገኛችሁ ወደ 1877 ያዘነብላል። በ1911 ደግሞ ጆርጅ አምስተኛ ወደ ከተማዋ የገባው በፈረስ ነው፣ ሕዝቡም ለይቶ አላወቀውም። ዝሆን ላይ የተቀመጠ ባለ ዘውድ ንጉሥ የሚያሳይ ቅጠል ካጋጠማችሁ መግለጫውን ደግማችሁ አንብቡ።

ለእኛ ሰው ይህ ሁሉ ባዕድ አይደለም። የመቅደላ ቅጠሎች፣ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከሞቱበት ዘመቻ የወጡት፣ በዚያው ጋዜጣ፣ በዚያው የእንጨትና የብሎን አሠራር የተሠሩ ናቸው። ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ ከናፒየር ጦር ጋር በ1868 ወደ ኢትዮጵያ የላከው ሠዓሊ ዊልያም ሲምፕሰን፣ በ1875 የዌልስ ልዑል ሕንድን ሲጎበኝ ለዚያው ጋዜጣ የነደፈው ሰው ነው። ናፒየርም ከመቅደላ በኋላ የሕንድ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ሆኗል። የመቅደላን ቅጠል ቤታቸው የሰቀሉ ሰዎች ስለዚህ የዴልሂውን እንደሚመረምሩት ይመርምሩት፤ ሰማዩ ላይ ያለው መጋጠሚያ አንድ ነው። አምባው ከእውነተኛው ሦስት እጥፍ ገደላማ ሆኖ ቢታያችሁም አትገረሙ።

ሰብሳቢ ከሆናችሁ ሌላም ምክር አለ። በዓሉ ሲደረግ ማድራስና ደቡብ ሕንድ ከ1876 እስከ 1878 በዘለቀው ታላቅ ረኃብ ውስጥ ነበሩ። በዚያው በ1877 መጨረሻ እነዚሁ ጋዜጦች ከፎቶግራፍ የተገለበጡ የረኃቡን ሥዕሎች አትመዋል። የበዓሉን ቅጠል ብቻ መያዝ ግማሽ ነገር መያዝ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የረኃቡ ቅጠሎች ዋጋም ከበዓሉ ቅጠሎች አይበልጥም።

ስለ ዋጋ ካነሳን አይቀር፦ እነዚህ ጋዜጦች በብዙ ሺህ ቅጂ ታትመዋል፣ ብርቅ አይደሉም። ዋጋ የሚጨምረው ሙሉነት ነው። ራስጌው ላይ ያለው የጋዜጣው ስም፣ ቀንና የገጽ ቁጥር ካልተቆረጠ፣ ዳርቻው ሰፊ ከሆነ፣ የመሐሉ እጥፋት ካልተሰነጠቀ ጥሩ ነው። ነጠላ ገጹ 40 በ28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚህ በጣም ካነሰ ተከርክሟል። ድርብ ገጽ ከሆነ መሐሉን በደንብ እዩት፤ ጥራዝ ውስጥ ተሰፍቶ የኖረ ቅጠል መሐሉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ይኖረዋል፣ ክፉኛ ሲላጥ ደግሞ ጥቂት ሚሊሜትር ሥዕል ይጎድለዋል፣ ያን ጊዜ እንደራሴው አንድ እጅ ያጣል።

ቀለም ያለው ቅጠል ብዙ ጊዜ ከጥቁርና ነጩ በውድ ይሸጣል፣ መሆን የነበረበት ግን ተቃራኒው ነው። እነዚህ ዜናዊ ሥዕሎች የወጡት በጥቁር ብቻ ነው። የውኃ ቀለሙ ብዙ ጊዜ የተጨመረው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በሻጭ እጅ ነው። ምልክቱ ይህ ነው፦ ቀለሙ አሮጌ ቅዳድ ውስጥ ገብቶ የወረቀቱን ጭረት ነክሮታል፤ ወይም ቡናማዎቹ የእርጅና ነጥቦች ከቀለሙ ሥር ናቸው እንጂ ከላዩ አይደሉም።

እንክብካቤው ላይ ሰው የሚያጠፋው ከጊዜ ይበልጣል። ወረቀቱን የሚያቃጥለው በውስጡ ያለው አሲድ ነው። ከጀርባው ተራ ካርቶን ከተለጠፈ የካርቶኑ አሲድ ይጨመርበትና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፍሬሙን ተከትሎ ቡናማ መስመር ይሠራል። ስኮች ፕላስተር ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ዘልቆ ዘይት የመሰለ እድፍ ይተዋል፣ እሱን ማውጣት የባለሙያ ሥራ ነው። ላሚኔት የተደረገ ቅጠል ደግሞ ከእንግዲህ አይመለስም።

አቧራውን ለማንሳት ለስላሳ ሰፊ ብሩሽ፣ ከመሐል ወደ ዳር። ቀጥሎ የተፈቀፈቀ ነጭ የፕላስቲክ ላጲስ በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ በክብ ማሸት፤ ሥዕሉን ሳይሆን ዳርቻውን። የኅትመቱ ቀለም ጥላሸትና ዘይት ስለሆነ ውኃ አይፈራም፣ እጅ የቀባው ቀለም ግን ወዲያው ይሄዳል። ወረቀቱም ሲረጥብ ጉልበት የለውም። በቤት ውስጥ ማጠብን ተዉት።

ትንሽ ቅዳድ ግን በቤት ይጠገናል። የሚያስፈልገው ኮዞ የሚባለው ስስ የጃፓን ወረቀት (በካሬ ሜትር ከ5 እስከ 10 ግራም) እና የስንዴ ስታርች ነው፣ ዱቄት ሳይሆን ስታርች። 1 እጅ ስታርች በ5 እጅ ንጹሕ ውኃ ዘፍዝፉና እያማሰላችሁ በቀላል እሳት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አብስሉት፤ ነጭነቱ ጠፍቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲሆን ደርሷል። ሲቀዘቅዝ በወንፊት አሳልፉት፣ እርጎ እስኪመስል በውኃ አቅጥኑት። የጃፓኑን ወረቀት በመቀስ አትቁረጡ። በእርጥብ ብሩሽ መስመር ስቡበትና በእጅ ቅደዱት፣ ዳሩ ጸጉራም ይሆናል፤ ያ ጸጉር ነው የሚይዘው። ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከጀርባ በኩል ቀቡትና አስቀምጡት፣ ከላዩ ሙጫ የማይዝ ስስ ፖሊስተር ጨርቅ፣ ከዚያ ቀለም መምጠጫ ወረቀት፣ ከዚያ መስተዋት፣ ከዚያ ክብደት። በ15 ደቂቃ መምጠጫውን ቀይሩ፣ ከዚያ እስከ ማግስቱ ተዉት። ቶሎ ካነሳችሁት ወረቀቱ ይጨማደዳል፤ ሙጫው ከበዛ ደግሞ ጠጣር ይሆንና ቀጣዩ ቅዳድ ከጥገናው ጎን ይጀምራል።

ሲሰቀል መስተዋቱ ሥዕሉን መንካት የለበትም፤ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ከጥጥ የተሠራ አሲድ አልባ ማዕቀፍ ክፍተቱን ይሰጣል። ቅጠሉ ከላይ በሁለት የጃፓን ወረቀት ማንጠልጠያ ብቻ ይያዝ፣ አራቱም ጎን አይለጠፍ፤ ወረቀት በእርጥበት ይለጠጣል፣ ከታሰረ ይሞገጋል ወይም ይቀደዳል። ብርሃን 50 ሉክስ ገደማ፣ የአየር እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ። አዲስ አበባ ላለ ሰው አደጋው ክረምት ነው፤ ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉ፣ ከፍሬሙ ጀርባ 1 ሴንቲ ሜትር የቡሽ ቁራጭ አስገቡ አየር እንዲያልፍ። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ላላችሁ ደግሞ አደጋው ኤርኮንዲሽነሩ ሲጠፋና ሲበራ የሚፈጠረው መዋዠቅ ነው።

ከመስቀላችሁ በፊት ፊቱንም ጀርባውንም በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉት። ጀርባው ላይ ያለው ዓምድ ፍሬም ውስጥ ከገባ በኋላ አይታይም፤ ቀኑ የተቆረጠ ቅጠል ደግሞ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከጀርባው ባለው ዜና ነው። ስካኑን ስታዩ ሥዕሉ ግርጌ ከሁለቱ ጥግ ያሉትን ፊርማዎችም አስፍተው እዩ፤ ከአንደኛው ስም ቀጥሎ ኤስ እና ሲ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ካሉ የቀራጩ ወይም የቀራጭ ቤቱ ስም ነው፣ ዴልሂ የነበረው ሠዓሊ ፊርማ አይደለም።